የመንግሥት ቃልና የፓርቲ ቃል ባንድ አፍ፤ ስለ አቶ በረከት ስምዖን የቃል አቀባይነት ዘመን የቀረበ ሂስ

ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ዛሬ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ከላፍቶ በታክሲ ተሳፍሮ ወደ ኮሌጅ የሚመላለስ ተማሪ ስሙን በየቀኑ ከረዳቱ አፍ ይሰማዋል፤ ትርጉሙን ግን ብዙ ጊዜ አይመረምረውም። ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር መልእክት የሚያስተላልፍ ስልክ ማለት ነው፤ ስፍራውም ይህን ስም ያገኘው ከገመድ አልባው ቴሌግራፍ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ በአቃቂ የተሠራው የራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ነጋሪት ሳያስጎስም፣ አዋጅ ነጋሪም ወደ ገበያ ሳይልክ ቃሉን ለሩቅ ሰው ለማሰማት ቻለ።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ተለውጧል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ እስከ ዛሬ ደርሷል። በመንግሥት ስም የሚናገረው ሰው የማን አፍ ነው? የሚከፈለው ከሕዝብ ግብር ከሆነ፣ መንግሥቱን ላልመረጠውም ሰው ጭምር ይናገራልን? ወይስ የሹመቱ ባለቤት የሆነው ፓርቲ ጠበቃ ነው? ይህን ጥያቄ በባዶ ሜዳ ከመወያየት በአንድ ሰው ሥራ ላይ መመርመር ይሻላል። ለዚህም በቅርቡ ታሪካችን ከአቶ በረከት ስምዖን የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት፣ የአውሮፓ መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሰውየው ሥራና የሹመቱ ጠባይ

አቶ በረከት ከኢሕአፓ ተለይተው በ1973 ዓ.ም. ኢሕዴንን ከመሠረቱት ታጋዮች አንዱ ናቸው። ይህ ድርጅት በኢሕአዴግ ውስጥ አባል ሆኖ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ስሙን ለውጦ ብአዴን ተባለ። በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ አቶ በረከት የማስታወቂያ ሚኒስትር ነበሩ። በዚያው ወራት የኢሕአዴግን የምርጫ ዘመቻ በአደባባይ የሚያስረዱትና ለጋዜጠኞች የሚመልሱትም እርሳቸው ነበሩ። ከምርጫው በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አማካሪ ሆኑ። በ2001 ዓ.ም. የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቀርቶ በምትኩ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም በሚኒስትር ማዕረግ ኃላፊው ሆኑ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ሞት ለሕዝብ ያስታወቁትም በዚሁ ሹመት ላይ ሳሉ ነው።

ሹመቱ ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። በጥንቱ ሥርዓት አፈ ንጉሥ የሚባል ሹም ነበር፤ ንጉሡ በችሎት በገዛ አንደበታቸው ስለማይናገሩ ቃላቸውን የሚያደርስ እርሱ ነው፤ በኋላም ማዕረጉ የዋና ዳኛ ማዕረግ ሆነ። የአፈ ንጉሥ ስም ማንንም አያታልልም፤ የንጉሥ አፍ ነኝ ይላል፣ የንጉሥ አፍም ነው። ደርግም ቢሆን መሥሪያ ቤቱን የማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ብሎ ሲሰይመው ዜና መንገርና ሕዝብን በፈለገው መንገድ መምራት አንድ ሥራ መሆናቸውን በግልጽ አምኗል። ችግሩ የተወሳሰበው ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። ብዙ ፓርቲዎች ይወዳደራሉ፣ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃንም የተለያየ አስተያየት የሚስተናገድባቸው ይሆናሉ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ፣ የመንግሥት አፍና የፓርቲ አፍ መለያየት ነበረባቸው። በአቶ በረከት ዘመን ግን ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው ቆዩ።

1997 ዓ.ም.

ፍርዳችን ትክክለኛ እንዲሆን ከመልካሙ እንጀምር። ከ1997ቱ ምርጫ በፊት በቴሌቪዥንና በራዲዮ የተካሄዱት የፓርቲዎች ክርክሮች በኢትዮጵያ ታሪክ ታይተው የማይታወቁ ነበሩ። ገበሬው፣ ነጋዴውና ተማሪው ሚኒስትሮች በተቃዋሚ ሲጠየቁና ሲመልሱ በዓይኑ አየ። ይህ በር ሲከፈት የማስታወቂያ ሚኒስትሩ አቶ በረከት ነበሩና ከምስጋናው ድርሻ ሊነፈጋቸው አይገባም። ሁለተኛም፣ ከጋዜጠኛ የማይሸሹ፣ ያመኑበትን በግልጽ አማርኛ የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

ነገር ግን ክርክሩ እየጠነከረ ሲሄድ የገዢው ፓርቲ መሪዎች ተቃዋሚዎቻቸውን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር እስከ ማመሳሰል ደረሱ። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ተሰጠ። በዚያው ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዋና ከተማው ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር እንዳይደረግ አገዱ። ኢሕአዴግ የምርጫ ቦርድ ውጤት ሳይወጣ፣ አዲስ አበባን መሸነፉን አምኖ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ማሸነፉን አስታወቀ። በአዲስ አበባ ቅንጅት የተወካዮች ምክር ቤቱን 23 ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን አገኘ። ላፍቶም በዚሁ ድምፅ ውስጥ ነበረች።

እዚህ ላይ የሁለቱ ሹመቶች መደራረብ ምን እንዳስከተለ በግልጽ ይታያል። የማስታወቂያ ሚኒስትር ግዴታ ውጤቱ የቦርዱ መሆኑን ለሕዝብ አስረድቶ ሁሉም እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። የዘመቻ ኃላፊ ፍላጎት ደግሞ ድሉን ቀድሞ ማወጅ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሲሆን ፍላጎት ግዴታን አሸነፈ። በዘመቻው ጊዜ ለተቃዋሚ ተከፍቶ የነበረው የመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥንም ከድምፁ ቀን በኋላ ተዘጋበት። ሚኒስትሩ ራሳቸው የዚህ ክርክር ባለጉዳይ ነበሩ፤ በቡግና ተወዳድረው በመጀመሪያ ተሸንፈው፣ በነሐሴ ወር በተደረገው ድጋሚ ምርጫ አሸነፉ ተብሏል። በዚያ ድጋሚ ምርጫ ኢሕአዴግ በ31ዱም የምርጫ ክልሎች እንዳሸነፈ ነው የተነገረው። ተወዳዳሪ ሆኖ የውድድሩን ዜና የሚያሠራጨውን መሥሪያ ቤት መምራት፣ ሰውየው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ከጥርጣሬ ሊያድነው አይችልም።

ከዚያ የመጣው ሐዘን የታወቀ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ገለጸ። የቅንጅት መሪዎችና ብዙ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ መሪዎቹም በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። የዚህን ደም ኃላፊነት በቃል አቀባይ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም፤ ጥይት ያዘዘ ሌላ ነው። ቃል አቀባዩ የሚጠየቅበት ግን የራሱ የሆነ ነገር አለ፤ ይኸውም ሕዝቡ የተጣላውን ነገር የሚያስማማው አንድ የታመነ ድምፅ በፈለገበት ሰዓት፣ በመንግሥት ቤት የሚገኘው ድምፅ የአንዱ ወገን ብቻ ሆኖ መገኘቱ ነው።

«ናዳ» ማን ነበር?

አቶ በረከት ዘመኑን የሚያዩበትን ዓይን እንድናውቅ ራሳቸው ረድተውናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 «የሁለት ምርጫዎች ወግ፤ ናዳን የገታ አገራዊ ሩጫ» የሚል መጽሐፍ አወጡ። በሥልጣን ላይ ያለ ሚኒስትር ሥራውን ጽፎ ለሕዝብ ማቅረቡ በአገራችን ያልተለመደ ነው፤ የሚያስመሰግንም ነው። መጽሐፉ የ1997ቱንና የ2002ቱን ምርጫ ያነጻጽራል፤ ተቃዋሚው ከሕገ መንግሥት ውጭ በቀለም አብዮት ሥልጣን ሊይዝ እንደ ነበር ይከራከራል፤ ኢሕአዴግም ድክመቱን ገምግሞ፣ በተለይ የከተማውን ወጣት መዘንጋቱን አምኖ፣ ራሱን አርሞ በሚቀጥለው ምርጫ እንዳሸነፈ ያስረዳል።

የመጽሐፉ ችግር ከንዑስ ርእሱ ይጀምራል። ናዳ ዓይን የለውም፣ ጆሮም የለውም፤ ከተራራ ወርዶ ቤትና ሰው ይቀብራል። ናዳን የሚያነጋግረው የለም፤ ይገታል እንጂ። እንግዲህ በግንቦት 1997 ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፅ የሰጠው የላፍቶ፣ የመርካቶና የጉለሌ ሰው በዚህ ምሳሌ ውስጥ የት ነው ያለው? ጸሐፊው ናዳ ያሉት የተቃዋሚውን መሪዎች እቅድ እንጂ መራጩን አይደለም ይባል ይሆናል። መልካም። ዳሩ ግን ያ እቅድ ኃይል ያገኘው ከመራጩ ድምፅ ነው፤ መሪዎቹን ናዳ ብሎ መራጩን ከናዳው ለይቶ ለማውጣት መጽሐፉ በቂ ድካም አላደረገም። የመራጩ ቁጣ ምክንያት እንደ ነበረው ባመኑበት ገጽ አጠገብ፣ ያው ቁጣ የሌላ ሰው መሣሪያ ብቻ ሆኖ ይቀርባል። ይህ የዘመቻ ሰው አመለካከት ነው፤ ለዘመቻ ሰው የተቃወመው ድምፅ የሚሸነፍ ኃይል እንጂ የሚሰማ ቃል አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት ሁለቱ ምርጫዎች ሲነጻጸሩ በመካከላቸው ያለው የአምስት ዓመት ጉዞ በእኩል ሚዛን አለመመዘኑ ነው። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን አገኙ። ይህ ውጤት የመጣው ፓርቲው በከተማ ሥራ በመክፈቱና አባላቱን በሚሊዮን በማብዛቱ ብቻ ነውን? በመካከሉ የመገናኛ ብዙኃን ዐዋጅ ቁጥር 590/2000፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 621/2001፣ የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቁጥር 652/2001 ወጥተዋል። በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የአዲስ ነገር ጋዜጣ አዘጋጆች አገር ጥለው ወጡ፤ ጋዜጣውም ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጋቢት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ከሩዋንዳው የጥላቻ ራዲዮ ጋር አመሳስለው፣ ለማፈን ዝግጁ መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። በ1997 ተከራካሪ ተሰምቶ 23ቱም የአዲስ አበባ ወንበሮች ጠፉ፤ በ2002 ተከራካሪው ድምፁ ሲያንስ ወንበሮቹ ከሁለት በስተቀር ሁሉም ተገኙ። አንድ ተመራማሪ ይህን ዝምድና ሳይመረምር ሁለቱን ምርጫዎች አነጻጸርኩ ለማለት አይችልም።

የ2004 ክረምት

የቃል አቀባይ እውነተኛ ፈተና ዘመቻ አይደለም። ፈተናው አገር በጭንቀት ላይ ሳለ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ መታመን መቻሉ ነው። ይህ ቀን ለአቶ በረከት በ2004 ዓ.ም. ክረምት መጣ።

ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ከሰኔ ወር ወዲህ በአደባባይ አልታዩም፤ በሐምሌ በዚሁ በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤም አልተገኙም። ሐምሌ 12 ቀን አቶ በረከት ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጥተው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መታመማቸውን አምነው፣ ሁኔታቸው ግን መልካም መሆኑንና ዕረፍት ላይ መሆናቸውን አስረዱ። በማግሥቱ ሊወጣ የነበረው የፍትሕ ጋዜጣ እትም ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጤና በፊት ገጹ በመጻፉ እንዳይሠራጭ ተደረገ። ሐምሌ 23 ቀን በውጭ አገር የሚገኘው ኢሳት ቴሌቪዥን መሪው ሞተዋል ብሎ አሠራጨ። መንግሥት አስተባበለ። ነሐሴ 15 ቀን ጠዋት የመንግሥት ቴሌቪዥን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባለፈው ሌሊት በውጭ አገር በሕክምና ላይ ሳሉ ማረፋቸውን ተናገረ፤ አቶ በረከትም ለጋዜጠኞች ቀርበው ዜናውን አብራሩ።

በዚያ ክረምት በላፍቶ መንደሮች ማታ ማታ የራዲዮን መዘውር የሚያዞረውን ሰው የሚያስታውስ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። መጀመሪያ የአገር ውስጡ ዜና ይሰማል፤ ቀጥሎ የጀርመን ድምፅ፣ ቀጥሎ የአሜሪካ ድምፅ። በሰፈሩ ስም ነፋስ ስልክ የሚባል መንደር ሰው የገዛ መንግሥቱን መሪ ደኅንነት ለማረጋገጥ ቦንንና ዋሽንግተንን ይጠይቅ ነበር።

መንግሥት የሰጠውን የሞት ቀን ከተቀበልን፣ የኢሳት የሐምሌ ዜና ሐሰት ነበር፤ የመንግሥቱም ማስተባበል እውነት ነበር። ሆኖም ብዙ ሰው ሐሰቱን አመነ፣ እውነቱን ተጠራጠረ። ከሞቱም በኋላ ቢሆን ቀኑ ያ አይደለም የሚል ወሬ ለብዙ ጊዜ አልጠፋም። እዚህ ላይ የአቶ በረከት ሥራ ዋጋ ይታያል። ለዘመቻ ሲባል ለዓመታት የተቆነጠረ ቃል እውነት በሆነበት ቀን እንኳ እውነት ለመምሰል አልቻለም። ጋዜጣ የታገደበት ሳምንት የተነገረውን መልካም ዜና ማን ይመን?

የሚከራከሩ አሉ። የመሪ ሕመም ምስጢር ነው፣ በየትም አገር ይሰወራል ይላሉ። እውነት ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ዜናው ለሕዝብ አልተነገረም፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ሲታመሙ የሕመማቸው ክብደት ከሕዝብ ተሰውሯል። ግን ዝም ማለትና መልካም ነው ብሎ መናገር የተለያዩ ናቸው። ዝም ያለ ሰው የነገ ቃሉን አይከስርም። ዝምታውም ቢሆን ዋጋ አለው፤ በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎው ረኃብ ዝም በመባሉ የተከፈለውን ዕዳ መንግሥት በዙፋኑ ከፍሎታል።

ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አላስቴር ካምቤል የጠቅላይ ሚኒስትር ብሌር ቃል አቀባይና የሌበር ፓርቲ የዘመቻ መሪ በአንድነት ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የፓርቲ ሹም ሆነው የመንግሥት ሠራተኞችን እንዲያዝዙ የሚፈቅድ ልዩ ትእዛዝ ወጣላቸው። በኢራቅ ጦር መሣሪያ ጉዳይ ከቢቢሲ ጋር ከተጣሉ በኋላ በ2003 ሥራቸውን ለቀቁ፤ የመንግሥት መግለጫ ሥራ እንዴት እንደሚታረም የሚያጠና ኮሚቴም ሁለቱ ሥራዎች እንዲለዩ መከረ፤ ያንን ትእዛዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ብራውን በ2007 ሰረዙት። አሜሪካም በ1939 ባወጣችው የሃች ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ሰዓቱና በሹመቱ ለፓርቲ እንዳይዘምት ከልክላለች።

የሁለቱ ሰዎች ጥፋት ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ከበስተጀርባቸው ባለው ነገር ነው። በእንግሊዝ ቃል አቀባዩን የሚጠይቅ፣ ከእርሱ ትእዛዝ ውጭ የሆነ ራዲዮና ጋዜጣ ነበረ። ጥፋቱ ሲፈጸም ተያዘ፣ ተመረመረ፣ ታረመ። በእኛ አገር ቃል አቀባዩን የሚጠይቀው ጋዜጣ በቃል አቀባዩ መንግሥት ማተሚያ ቤት ይታተማል፤ ማተሚያ ቤቱ እንቢ ሲል ጥያቄው ከነጋዜጣው ይቀራል።

መደምደሚያ

አቶ በረከት በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከብአዴን ማዕከላዊ ኮሚቴ ታገዱ፤ በጥር 2011 ታሰሩ፤ በ2012 ከጥረት ኮርፖሬት ጋር በተያያዘ ክስ ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። ስለዚያ ክስ ትክክለኛነት ይህ ጽሑፍ የሚለው የለም። እነዚህን ቀኖች የጠቀስኩት አንድ ነገር ለማሳየት ነው፤ ሰውየው ከወንበሩ ወረዱ፣ ወንበሩ ግን እንደ ነበረ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ጊዜ የኤርትራ ጦር በአገሩ የለም ተብሎ ለወራት ከተነገረ በኋላ፣ በመጋቢት ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤት መኖሩን ሲያምኑ፣ ከዚያ በፊት የተሰጠው መግለጫ ሁሉ ምን ሊባል ነው? ስሙ የተለወጠ መሥሪያ ቤት በቀድሞው ጠባዩ ቀጠለ።

ስለዚህ ከዚህ ምርመራ የሚወጣው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በመንግሥት ስም የሚናገር ሰው በምርጫ ወራት ለፓርቲ ከዘመተ ሹመቱን ለሌላ ያስረክብ፤ ራሱ ተወዳዳሪ ከሆነማ ይህ ጥያቄም አያስፈልገው። ሁለተኛ፣ በመንግሥት ስም የተነገረ ቃል ስሕተት ሆኖ ሲገኝ፣ ስሕተቱ በተነገረበት ጣቢያና በዚያው ሰዓት ይታረም። ሦስተኛ፣ የመንግሥት ማተሚያ ቤትና የመንግሥት ራዲዮ ከቃል አቀባዩ መሥሪያ ቤት ይለዩ።

ይህ የመምህራን ክርክር ብቻ አይደለም። ወረርሽኝ ሲገባ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ጦርነት ሲነሣ የላፍቶ እናት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ትስደድ ወይስ በቤት ታቆይ የምትወስነው በራዲዮ በሰማችው ቃል ነው። ያ ቃል በየምርጫው ለፓርቲ ወጪ ከተደረገ ለዚያ ቀን የሚተርፍ አይኖርም። የጋዜጠኝነትና የፖለቲካ ትምህርት ክፍል ጓደኞቼ ይህን አስተያየት በማስረጃ ቢደግፉት ወይም ቢያፈርሱት በሚቀጥለው እትም ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።